በቤት ውስጥ የሚነገር ቋንቋ

ተናኘ ቤት አማርኛ የሚናገር ሰው የለም። ይህን ያለው ሐሜተኛ አይደለም፤ ተናኘ ራሷ ናት፣ ያውም በፊርማዋ። ፍጹም የትምህርት ቤቱን መመዝገቢያ ወረቀት ከሻይ ብርጭቆው አጠገብ ዘርግቶ ለሦስተኛ ጊዜ አነበበው። ልጅዎ አፏን የፈታችው በየትኛው ቋንቋ ነው? እንግሊዝኛ። ልጅዎ በቤት ውስጥ አዘውትራ የምትናገረው ቋንቋስ? እንግሊዝኛ። ወረቀቱ ይህን እየመሰከረ ሳለ ፈራሚዋ ከምድጃው ጎን ቆማ፣ ሃያ አንድ ዓመት ሲያትልና ኬንት ኖሮ አንድም ጥርሱ ባልተሸረፈ የጉለሌ አማርኛ ልጇ ላይ ትወርድባታለች። ጠቡ የተነሣው ከተርኪ ነው። ሰምሃል ለምሳዋ በያዘችው ሳንድዊች ውስጥ ተርኪ ከታለች፤ ቀኑ ደግሞ ዓርብ ነው፣ መስቀል በወጣ በሁለተኛው ቀን። «ማም፣ ተርኪ ኢዝ ኖት ኢቭን ሚት» አለች ሰምሃል፣ ስልኳን እያየች። ተናኘ ተርኪ በዶሮ ወገን እንደሚቆጠር፣ ዶሮ በዓርብ የበላ ሰው ደግሞ በምን ወገን እንደሚቆጠር በዝርዝር አስረዳች። ሰምሃል ባጭሩ መለሰች። ክርክሩ በሁለት ቋንቋ ሲካሄድ ከሁለቱ ወገን አንዳቸውም አስተርጓሚ አልጠየቁም።

ፍጹም የተናኘ ታናሽ ወንድም ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከአምስት ዓመት በፊት በዲቪ መጥቶ፣ ቤት እስኪያገኝ ብሎ የገባበት የእኅቱ ምድር ቤት ውስጥ እስካሁን ቤት እያገኘ ነው። ስድስት ኪሎ በሶሲዮሎጂ ማስተርሱን ሠርቷል። የመመረቂያ ጽሑፉ፣ መቶ ሃያ ሰባት ገጽ፣ ሰዎች የጥናት መጠይቅ ሲሰጣቸው ለምን እውነቱን አይሞሉም የሚል ነበር፤ «በጣም ከፍተኛ» ተብሎለታል። አሁን ዋይት ሴንተር አጠገብ ባለ አንድ ትንሽ ቻርተር ሃይስኩል ፋሚሊ ሊያዞን ነው፤ ማለትም አማርኛ ተናጋሪ ወላጆችን ከትምህርት ቤቱ ያገናኛል፣ ደብዳቤ ይተረጉማል፣ ስብሰባ ላይ በማይመች ወንበር ተቀምጦ የሁለቱንም ወገን ትሕትና ያመላልሳል። ቻርተር ማለት ገንዘቡ ከመንግሥት ሆኖ ራሱን በራሱ የሚያስተዳድር፣ ተማሪውን ግን እንደ ታክሲ ረዳት እየተጣራ የሚሞላ ትምህርት ቤት ነው። ይኼኛው ድሮ ፍራሽ መሸጫ በነበረ ሕንጻ ውስጥ ነው የተከፈተው፤ ልጆቹ ከምሳ በኋላ ማንቀላፋታቸው ያለ ምክንያት አይደለም ይባላል።

ትናንት ዳይሬክተሯ ጠርታው የተማሪዎቹን ስብጥር የሚያሳይ ክብ ሥዕል በስክሪን አሳየችው። መቶ አርባ ሁለት ተማሪ እንደ ድፎ ዳቦ ተቆራርሶ ነበር። ለሶማሊ ትልቅ ጉማጅ፣ ለስፓኒሽ ትልቅ ጉማጅ፣ ለቬትናምና ለካምቦዲያ ደህና ደህና ቁራሽ፤ አማርኛ የደረሰው ዘግይቶ ለመጣ ልጅ የሚሰጠውን ፍርፋሪ ነው። ሦስት ቤተሰብ። ፍጹም በገዛ አፉ ሰብኮ፣ በገዛ መኪናው አመላልሶ ያስመዘገበው የሠላሳ አንድ ቤተሰብ ልጆች ነው፤ አብዛኞቹ በዘር ጥያቄው ላይ «ሌላ» የሚለውን መርጠው በእጃቸው «ሐበሻ» ብለው ጽፈዋል፣ አንዱ አባት «ኦርቶዶክስ» ብሏል። ቋንቋው ላይ ግን ሃያ ስምንቱ፣ የገዛ እኅቱ ተናኘም ጭምር፣ እንደ አንድ ሰው ሆነው እንግሊዝኛ ብለዋል። ዳይሬክተሯ በጣም አዝናለሁ አለችው፤ እሷ በጣም ማዘን ስትጀምር የሚከተለውን ሠራተኛው ሁሉ ያውቀዋል። ለሦስት ቤተሰብ የአማርኛ ሠራተኛ መያዝ አይቻልም። ቢያንስ ዐሥር ቤተሰብ ይፈለጋል። የኦክቶበር ቆጠራ መዝገብ ዛሬ፣ ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል፤ እስከዚያ ወላጅ ፈርሞ ያስተካከለው ይስተካከላል፣ ካልሆነ የሥራ መደቡ በኦክቶበር መጨረሻ ይታጠፋል።

ሃያ ስምንት ቤተሰብ በአንድ ቀን የአፍ መፍቻውን እንዲረሳ ያደረገው ማን እንደሆነ ዳይሬክተሯ አላወቀችም። ፍጹም ያውቃል። ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ስለ ትምህርት ቤቱ ገለጻ ሲያደርግ ጋሽ ወንዳፍራሽ የሚባሉ አባት ተነሥተው የቋንቋው ጥያቄ ለምን እንደሆነ ጠየቁ። አላውቅም፣ አጣርቼ እነግራችኋለሁ ማለት ይቻል ነበር። ፍጹም ግን ማይክሮፎን ይዞ ነበር። እንግሊዝኛ ብላችሁ ጻፉ አላቸው፤ አማርኛ ካላችሁ ኢኤስኤል የሚባል እንግሊዝኛ ለማይችሉ የሚሰጥ ክፍል ይከቱባችኋል፣ እዚያ የገባ ልጅ ዩኒቨርሲቲ አይገባም። የመረጃው ምንጭ ቀድሞ በሚሠራበት የፓርኪንግ ጋራዥ አብሮት የነበረ ሰውዬ ነው፤ ሰውየው ልጅም አልነበረው። አዳራሹ አጨበጨበ። በሕይወቱ ከተጨበጨበለት ሁለት ጊዜ አንዱ ይኼ ነው።

ሰምሃል በተርኪው ፋንታ ፒነት በተር ይዛ ወደ አውቶቡሷ ከሄደች በኋላ ወረቀቱን ወደ እኅቱ ገፋ አደረገላት። በቃላት መረጣ ረገድ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስብበት ነው ያደረው፤ «ተሳስቼ ነበር» የሚለው አንድም ጊዜ አልመጣለትም። ሕጉ ተለውጧል አላት። አሁን አማርኛ ማለት ይሻላል፣ ልጆቹ አጭር ፈተና ይፈተናሉ፣ ሰምሃል ደግሞ ዓይኗን ጨፍና ነው የምታልፈው። ተናኘ ብርጭቆ እያጠበች አዳመጠችው። ያጠበችውን ብርጭቆ መልሳ አጠበችው።

«ከአሥራ አንደኛ ክፍል ነው የመጣሁት» አለች። «ፊዚክስ ከክፍል አንደኛ ነበርኩ። እዚህ ኢኤስኤል አስገብተው የአፕል ሥዕል ሰጡኝ፣ ቀለም ቀቢ ብለው። ሦስት ዓመት።»

ፍጹም ይህን ሰምቶ አያውቅም። ያኔ ጉለሌ ሆኖ የሚያነባቸው ደብዳቤዎቿ ትምህርቱ በጣም ጥሩ ነው፣ መምህራኑ ይወዱኛል ነበር የሚሉት፤ እናታቸው ለጎረቤት ጮክ ብላ ታነባቸው ነበር። ተናኘ እጇን በፎጣ አድርቃ፣ የፋርማሲ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ቁልፏን አንሥታ ወጣች። ወረቀቱ እንደነበረ ቀረ። እኅትና ወንድሙ ስለዚህ ጉዳይ የተነጋገሩት ይኼው ነው፤ ባለፉት አምስት ዓመታት ከተነጋገሩት ግን ሳይረዝም አይቀርም።

ትምህርት ቤት ሲደርስ ሪጅስትራሯ ሰሃርላ የማስተካከያ ፎርሞቹን አዘጋጅታ ጠበቀችው። ሰሃርላ ሲያትል የተወለደች ሶማሊት ናት፤ አርባ አንድ የሶማሊ ቤተሰብ በመዝገቧ አለ፣ አንዱም አልተደበቀም። የሶማሊ እናቶች ሲመዘገቡ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው፣ «ሶማሊ ነን፤ ምን አላችሁ?» ብለው ነው የሚጀምሩት። የእኛዎቹ ደግሞ የቤት ቋንቋ ሲጠየቁ ወንጀል እንደሠራ ሰው መጀመሪያ በሩን ያያሉ። ሰሃርላ ስም ዝርዝሩን እየሰጠችው አንድ ስም ላይ ጣቷን አቆመች። ሳሌም። ከአዲስ አበባ ከመጣች ዓመት ከስድስት ወር ነው፣ ዘጠነኛ ክፍል። የታሪክ መምህሯ ሦስት ጊዜ ጽፎባታል፣ ለመሳተፍ ፈቃደኛ አይደለችም እያለ። ትምህርት ከተጀመረ አንድ ቃል አልተናገረችም። ፋይሏ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ የላትም ስለሚል መምህሩ የመሰለው ንቀት ነው፤ ሰኞ በጠባይ ጉዳይ ስብሰባ ተጠርቶባታል። ፍጹም የሳሌምን ፎርም አንሥቶ ከሁሉም ሥር ከተተው። ከእናቷ መጀመር ነበረበት፤ ስለዚህ በመጨረሻ ሊሄድባት ወሰነ።

የጎደለው ሰባት ነው። ጋሽ ወንዳፍራሽን ያገኛቸው ነዳጅ ማደያው ጥግ ላይ ነው፤ ፕሪየስ መኪናቸውን ፓርክ አድርገው፣ የተሳፋሪ ጥሪ እስኪመጣላቸው ወንበሩን ወደ ኋላ ለቀው ተቀምጠዋል። ነዳጅ ጋሎኑ ሦስት ዶላር ከአሥር መግባቱን ነገሩት፣ ፍጹምም አብሯቸው ተገረመ። ከዚያ ሕጉን ለወጠላቸው።

«እና አሁን አማርኛ ማለት ተፈቅዷል?» አሉ።

«ተፈቅዷል፣ ጋሼ።»

«ማን ፈቀደ?»

«ስቴቱ።»

ጋሽ ወንዳፍራሽ ፎርሙን መሪው ላይ ዘርግተው መነጽራቸውን ፈለጉ። «እኔ ግን እውነቱን ልንገርህ። እኔ ልጄን በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፣ ሁለታችንም ሳንግባባ እራት እንበላለን። ይኼ ምን ተብሎ ይጻፋል?»

«አማርኛ ተብሎ ይጻፋል» አላቸው ፍጹም። ፈረሙ። አንድ።

ዋይት ሴንተር የወርቅዬ ሱቅ ሲገባ ደግሞ ዕድል ቀናው። ወርቅዬ ልጇን እዚያው ትምህርት ቤት ያስገባች፣ ጤፍና በርበሬ፣ የስልክ ካርድና የሐበሻ ቀሚስ አንድ ላይ የምትሸጥ ሴትዮ ናት፤ ሱቋ ርዝመቱ ከስፋቱ ሦስት እጥፍ ስለሆነ ገበያተኛ ከገበያተኛ ጋር ሳይነጋገር ማለፍ አይችልም። በዓሉ ያራቆተውን ቤታቸውን ሊሞሉ የመጡ ሦስት የትምህርት ቤቱ እናቶች የጤፉ ከረጢት ሠላሳ ስምንት ብር ገባ አልገባ እያሉ ወርቅዬን ይዘዋታል፤ ዶላሩን ብር ነው የሚሉት። ፍጹም ወርቅዬን ለብቻዋ ወደ ማቀዝቀዣው ጥግ ወስዶ ሕጉ መለወጡን በሹክሹክታ ነገራት። ወርቅዬ ስትፈርም ሦስቱ እናቶች አዩ። በሹክሹክታ የሚፈረም ወረቀት መልካም ነገር ሳይኖረው አይቀርም። ምንድን ነው፣ የሚሰጥ ነገር አለ እንዴ ተባለ። ከመካከላቸው አንዷ ላፕቶፕ ሊታደል ነው ሲባል ሰምቻለሁ አለች፤ ከማን እንደሰማች እሷም አታውቅም። ፍጹም አላመነም፣ አልካደምም። በበርበሬ ከረጢት ላይ ደገፍ እያሉ ተራ በተራ ፈረሙ፣ አንዷ እንዲያውም ገና ስድስተኛ ክፍል ላለው ልጇም ካልፈረምኩ ብላ አስቸገረች። ያን ጊዜ የመመረቂያ ጽሑፉ ትዝ አለው። በሦስተኛው ምዕራፍ፣ መላሾች ጥቅም ያለ ሲመስላቸው ስለሚሰጡት መልስ ሰፊ ትንታኔ ነበረው፤ መላሾቹን ወቅሶ ነበር።

ስድስተኛው ኬንት መጋዘን የሚሠራ አባት ነው፤ በስልክ ሕጉን ሰምቶ፣ በእረፍቱ ፎርሙን ሳይን አድርጎ በፎቶ ላከ። ስድስትና ሦስት ዘጠኝ። ከዚያ በኋላ የደወለላቸው ሁሉ አንሥተው አናውቅም ወይም ማታ ደውል አሉት። ሰዓቱ ሰባት ተኩል ሆነ። በእጁ የቀረው አንድ ፎርም ነው።

የሳሌም እናት ማንአልሞሽ አየር ማረፊያው አጠገብ ያለ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው የምትሠራው። በጓሮ በር አስገባችው። ክፍሉ እንደ ሚያዝያ መተማ ይሞቃል፤ አራት ትላልቅ ማድረቂያዎች እያጓሩ ይሽከረከራሉ፣ ጠረጴዛው ላይ ፎጣው እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። ከፎጣው ቁልል አጠገብ ምሳዋን ከፍታ ነበር፤ ሽሮ በፕላስቲክ። አብረን ካልበላን ብላ አስገደደችው። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ዐሥር ዓመት ለብቻዋ ሠርታ፣ ከባንክ ደብተሩ ይልቅ የጾም ቀን እየቆጠረች ነው ልጇን ያመጣቻት። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲያገኛት የሁለት እጁን መዳፍ ይዛ ትመርቀዋለች፤ ለሳሌም ትምህርት ቤት ያገኘላት እሱ ነዋ።

ፎርሙን አሳያት። ሕጉን ሊለውጥ አፉን ሲከፍት ቀድማ፣ «ቆይ፣ አንድ ነገር ላሳይህ» ብላ ቦርሳዋን ከመንጠቆ አወረደች። ከመዝሙር ዳዊቷ ጋር፣ እንዳይተሻሽ ፕላስቲክ ውስጥ የተከተተ ደብዳቤ አወጣች። የትምህርት ቤቱ ነው፤ ዓርማው ሰማያዊ። «ሳሌም ናት ያነበበችልኝ። ጸጥተኛ ናት፣ ክፍል ውስጥ አትረብሽም፣ ጠባይዋ እንዲህ ነው ብለው ነው የጻፉት አለችኝ። ለሥራ ባልደረቦቼም አሳይቻለሁ፤ ፊሊፒኗ አለቃዬ ግን ስታነበው ዝም አለች። ቀናች መሰለኝ።»

ፍጹም ደብዳቤውን ተቀበለ። ሳሌም በታሪክ ኤፍ እንዳላት፣ ስትጠየቅ እንደማትመልስ፣ ይህም እንደ አለመታዘዝ እንደሚቆጠር፣ ወላጅ ሰኞ እንዲገኝ ይላል። ከግርጌው በደቃቅ ፊደል፣ ለአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ትርጉሙን ፍጹምን ይጠይቁ የሚል መስመር መኖር ነበረበት። የለም። ኮምፒውተሩ ያን መስመር የሚጨምረው አማርኛ ተናጋሪ ለተባለ ቤት ብቻ ነው። ይኼ ቤት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው፤ ማን እንዳለው ይታወቃል።

ጥሩ ነው ብሎ ሊመልስላት ይችላል። ትፈርምለታለች፣ ዐሥር ይሞላል፣ ሥራው ይተርፋል፤ ሰኞ ስብሰባው ላይ ደግሞ እሱ ራሱ ተርጓሚ ሆኖ ይገባና ነገሩን ያለሳልሳል። ማለሳለስ ሙያው ነው። ቀና ሲል ማንአልሞሽ የደብዳቤውን ፕላስቲክ በፎጣ ጫፍ እየወለወለች ነው፣ የሽሮ ጠብታ ነክቶት።

«እትዬ ማንአልሞሽ» አላት፣ «እንዲህ አይልም።»

የሚለውን ነገራት። አንዱንም ሳያለሳልስ፤ እንዲያውም ከልምድ ማጣት ይመስላል፣ ከሚገባው በላይ ደረቅ አድርጎ። ማንአልሞሽ ምሳዋን ከደነች። አንድ ፎጣ አነሣች፣ በሦስት አጠፈችው፣ ቁልሉ ላይ አኖረችው። ሌላ አነሣች።

«ለምን ማንም አልነገረኝም?»

«እንግሊዝኛ ነው የምንናገረው ተብሎ ስለተጻፈ።»

«አንተ ነህ ጻፉ ያልከን።»

«እኔ ነኝ።»

«ሕጉ እንዲያ ነበር?»

«አልነበረም። ተለወጠ የምለውም ሕግ የለም። የማላውቀውን ነው የተናገርኩት።»

ማድረቂያው ጨርሶ ጮኸ። ማንአልሞሽ አላጠፋችውም። ለስንት ቤት እንዲህ ብሎ እንደነገረ ጠየቀችው፤ ነገራት። ዛሬስ ምን እያለ እንደሚያስፈርም ጠየቀችው፤ እሱንም ነገራት። ለምን እንደፈለገውም ጠየቀች፣ ስለ ሥራውም ነገራት፤ ያን ጊዜ ምላሱ ፍሬን የበጠሰ መኪና ሆኖ ነበር። የልጇን ፎርም ሳበችና በትልልቁ፣ እስክሪብቶው ወረቀቱን እስኪበሳው ድረስ ተጭና አማርኛ ብላ ጻፈችበት፣ በአማርኛ። ፈረመች።

«ፈተናውን ታልፋለች?» አለች።

«አታልፍም። የማለፍ ጉዳይ አይደለም፣ የሚያስተምራት ሰው እንዲመደብላት ነው።»

«በል ሂድ» አለችው፣ ስልኳን ከሽርጧ ኪስ እያወጣች።

ለሳሌም ልትደውል ነው ብሎ ወጣ። ማንአልሞሽ ግን የሠላሳ ሁለት ሴቶች የማርያም ማኅበር ጸሐፊ ናት፤ ማኅበሩ ቫይበር ላይ ግሩፕ አለው፣ ባሎችም በሚስቶቻቸው ትከሻ በኩል ይሰማሉ። አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ድምፅ ለቀቀች። ፍጹም ሃይዌዩን ጨርሶ ፍራሽ ቤት በነበረው ትምህርት ቤት ደጃፍ ፓርክ ሲያደርግ ስልኩ በወንበሩ ላይ እንደ አሣ ይገለባበጥ ነበር። ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ «ፍጹም ልጄ፣ የኔን ወረቀት ቅደደው። አክባሪህ ወንዳፍራሽ» ብለው ጽፈዋል፤ የሚያስፈራው አክባሪነቱ ነው። ወርቅዬ በድምፅ ስትልክ ከኋላዋ ሦስቱ እናቶች ይሰማሉ፣ ስለ ላፕቶፑ። የመጋዘኑ አባት አንድ የጥያቄ ምልክት ብቻ ልኳል።

ሰዓቱ ዘጠኝ ከሃያ ነው። ፎርሞቹ የተፈረሙ ናቸው፣ ቅደደው ማለት ደግሞ በሕግ መቅደድ አይደለም። ሰባቱንም ቢያስገባ ማንም አይጠይቀውም። እዚህ ላይ ሕሊናው ተነሥቶ ተናገረው ቢባል ደስ ባለው፤ በመጀመሪያ የመጣለት ግን እሑድ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ፣ ነጭ ነጠላ ለብሰው፣ ስድስት ሰዎች ዝም ብለው ሲያዩት። ሥራ አጥነትን ቀምሶታል፣ ይኖሩበታል። ሕሊናው የደረሰው ቀጥሎ ነው፣ ፈርሙ ላላቸው ሰው ልጆቻቸውን አሳልፈው የሰጡ ሰዎች እምቢ የማለትም መብት እንዳላቸው እያስረዳ፤ እንደ ሁልጊዜው ነገሩ ካለቀ በኋላ።

ባንኮኒው ላይ አንድ ወረቀት አስቀመጠ።

ሰሃርላ አየችው፣ ከዚያ በክንዱ ሥር ያለውን ወፍራም አቃፊ አየች። ይኼ ብቻ ነው ወይ አለችው። ይኼ ብቻ ነው አላት። ሰዓቷን አየች፣ ከዚያም መጻፍ ጀመረች። አማርኛ፦ አራት ቤተሰብ። የሰኞው የጠባይ ስብሰባ ተሰርዞ በቦታው የቋንቋ ምዘና ገባ። ዳይሬክተሯ ከመስታወቱ ወዲያ ሆና ጣቶቿን ወደ ላይ አድርጋ፣ ስንት፣ ብላ ጠየቀች፤ ሰሃርላ አራት አሳየቻት። ዳይሬክተሯ በጣም አዘነች።

የኮሪደሩ በር ተበርግዶ የተከፈተው ያን ጊዜ ነው። ሳሌም ናት። ቦርሳዋ በአንድ ትከሻዋ ተንጠልጥሎ፣ ስልኳ በእጇ፣ ዓይኗ ቀልቶ። ቀጭን፣ አጭር ልጅ ናት፤ ፍጹም እስከዛሬ አንገቷን ደፍታ ስታልፍ እንጂ ፊት ለፊት አይቷት አያውቅም። ፊቱ መጥታ ቆመች።

«ማን ንገራት አለህ?» አለች በአማርኛ። ድምፅዋ ከሰውነቷ ይበልጣል። «ማን ጠየቀህ? እኔ ነበርኩ የምነግራት። ውጤቴ ከፍ ሲል፣ ሲስተካከል፣ ያኔ ልነግራት ነበር። ያቺን ወረቀት ፕላስቲክ ውስጥ ስትከት እኔ ምን እንደሆንኩ ታውቃለህ? ሌሊት ሌሊት መዝገበ ቃላት ይዤ ነው የማድረው። አንተ እንግሊዝኛ በሉ ትላለህ፣ አንተው ደግሞ አማርኛ በሉ ትላለህ፤ ክፍል ውስጥ የምቀመጠው ግን እኔ ነኝ፣ ለብቻዬ። ደብተሩ ላይ አፍጥጬ። ውሸታም። አንተ ትልቅ ውሸታም።»

የታሪክ መምህሩ ከክፍሉ ብቅ ብሎ፣ ድምፁ ከማን እንደወጣ ማመን አቅቶት፣ እስክሪብቶውን እንደያዘ በሩ ላይ ቀረ። ሰሃርላ ቀስ ብላ ከወንበሯ ተነሥታ ምን እያለች እንደሆነ ፍጹምን ጠየቀችው። እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ተርጓሚው እሱ ነው። ስለዚህ ተረጎመ። ስለ መዝገበ ቃላቱ ተረጎመ፣ ስለ ፕላስቲኩ ተረጎመ፣ ለብቻዋ ስለምትቀመጠው ተረጎመ፤ ከመምህሩ ፊት ላይ ጥርጣሬው ሲወርድ አየ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገና፣ በቋንቋው ጉዳይ ላይ ለወላጆች የተሰጠው ምክር ስሕተት እንደነበረበት ተማሪዋ ይሰማታል፣ አለ በጥሩ እንግሊዝኛ።

ሳሌም እየሰማች ነበር። «ሚስቴክ»፣ ስሕተት፣ የሚለው ቃል ላይ ቅንድቧ ተሰበሰበ። ከፍጹም ላይ ዞራ ወደ ሰሃርላ ቀረበች፣ ባንኮኒውን በሁለት እጇ ያዘች፣ ቃላቱን አንድ በአንድ ከሩቅ እንደሚያመጣ ሰው ትንሽ ቆየች።

«ኖ» አለች። «ኖት ሚስቴክ። ሂ ላይ።»

ሰሃርላ ቀና ብላ ዋሸ የተባለውን ፍጹምን አየችው፤ መዝገብ የሚይዝ ሰው ማረጋገጥ አለበት። ፍጹም ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ትርጉሙ ትክክል ነበር።